ከዮግያካርታ እስከ ፔካሎንጋን፦ ባቲክን ፍለጋ

ሰኞ፣ ዮግያካርታ

በኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት፣ ዮግያካርታ ከተማ፣ ማሊዮቦሮ ጎዳና ላይ ገና ብቅ እንዳልኩ አንድ ጎልማሳ ፈገግ ብሎ አጠገቤ ደረሰ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ኢትዮጵያ ስለው ስለ ሯጮቻችን ትንሽ አወራ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እዚሁ ጀርባ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች የባቲክ (ቀለም እንዳይገባው በሰም እየተሣለ የሚነከር ጨርቅ) ዐውደ ርዕይ እንዳለ፣ ዛሬ የመጨረሻው ቀን እንደሆነ፣ ነገ ሥራዎቹ በሙሉ ወደ ውጭ አገር እንደሚላኩ ነገረኝ። ነቄ ነበርኩ። ይህቺ ጨዋታ በከተማው የታወቀች ናት። ዐውደ ርዕዩ "የመጨረሻው ቀን" ላይ ከደረሰ ስንት ዓመቱ! አመስግኜው ወደ ገበያው ቀጠልኩ።

ቤሪንግሃርጆ የዮግያካርታ ትልቁ የድሮ ገበያ ነው። በምዕራቡ በር ስትገቡ ጨርቅ ነው፤ ግራ ቀኙ፣ ከላይ ከታቹ ጨርቅ። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ሰው በትከሻው ነው መንገድ የሚከፍተው። ሸሚዝ፣ ሽርጥ፣ ቀሚስ፣ የሕፃን ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ ሁሉም የሚሸጠው ባቲክ ተብሎ ነው። ዋጋው ግን አይገናኝም። አንዱ የተሰፋ ሸሚዝ 50 ሺህ ሩፒያ ይባላል። እዚያው ጎን የተንጠለጠለ፣ መርፌ ያልነካው ጨርቅ 2 ሚሊዮን ይጠራበታል። ላልለመደ ዓይን ሁለቱም ቡናማ ናቸው፣ ሁለቱም ሐረግ በሐረግ።

አዲስ አበባ ልብስ ሰፊ ጓደኛ አለችኝ። "ዋናውን አምጪልኝ፣ እንዳይሸውዱሽ ብቻ" ብላ ነው የላከችኝ። ስለዚህ መነጽር ያደረጉ አንዲት ሻጭ ጋ ቆምኩና በግልጽ ጠየቅኳቸው። እዚህ አገር በዕድሜ የምትበልጥን ሴት "ኢቡ" ብሎ መጥራት ደንብ ነው። ኢቡ ልጃቸውን ጠርተው አስተርጓሚ አደረጓት። ከዚያ ሦስት ጨርቅ ጎን ለጎን ዘረጉ፤ አንድም ነገር ሳይናገሩ ሦስቱንም ገለበጧቸው።

የመጀመሪያው ጀርባው ገርጥቷል። ቀለሙ ከላይ ብቻ ነው ያለው። ይሄ ፋብሪካ ያተመው ነው፤ ሰም የሚባል ነገር አልነካውም። ሁለተኛው ፊቱም ጀርባውም እኩል ደምቋል፤ ግን አበባው ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ያው ራሱ ነው፣ መስመሩ የሚጋጠምበት ቦታም ፈለግ አድርጎ ላየ ይታያል። ይሄ በመዳብ ማኅተም ሰም እየተመታበት የተሠራ ነው፤ ቻፕ ይሉታል። ሦስተኛው ግን ሁለቱም ፊቱ እኩል ሆኖ፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ነጠብጣቦች እንኳን አይመሳሰሉም። በእጅ ነው፤ ባቲክ ቱሊስ። 2 ሚሊዮን የተጠራበት እሱ ነው።

"ፊቱን አትይ፤ ሁሌ ገልብጪው" አሉኝ ኢቡ። ያን ቀን ምንም አልገዛሁም። እሳቸውም ቅር አላላቸውም፤ ወይም ቅር ያላቸው አላስመሰሉም።

ዩኔስኮ የኢንዶኔዥያን ባቲክ በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ኦክቶበር 2 ቀን 2009 ነው (እዚህ ማስታወሻ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ቀኑ የባቲክ ቀን ተብሎ ይከበራል፤ ከፕሬዚዳንት እስከ ተማሪ ባቲክ ለብሶ ይውላል። ክብሩ የተሰጠው በሰም ለሚሠራው ነው። ገበያውን የያዘው ግን በአብዛኛው የታተመው ነው። ይህን የነገረችኝ የኢቡ ልጅ ራሷ የታተመውን ለብሳ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጊሪሎዮ

በጠዋት በሞተር ወደ ደቡብ ወጣሁ። ጊሪሎዮ በኢሞጊሪ ኮረብታ ግርጌ ያለች መንደር ናት። ኮረብታው አናት ላይ የማታራም፣ የድሮው የጃቫ መንግሥት፣ ነገሥታት መቃብር አለ፤ ሥራውን ያስጀመሩት በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነገሡት ሱልጣን አጉንግ ናቸው። የመንደሩ ሴቶች ሙያውን ከቤተ መንግሥቱ ጋር ካላቸው ትስስር እንዳገኙት ይናገራሉ። ለማንኛውም፣ እዚህ ሴት ልጅ እናቷ ጎን ተቀምጣ እያየች ነው የምታድገው።

ግድግዳ የሌለው ሰፊ ዳስ ሥር ሴቶች አነስተኛ ምድጃ ከበው ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ምድጃው ላይ የእጅ መዳፍ የምታክል መጥበሻ ተጥዳለች። በውስጧ የቀለጠ ሰም አለ፤ ማላም ይሉታል። የንብ ሰም ብቻ አይደለም። ፓራፊን፣ የጥድ ሙጫና ትንሽ ስብ ተቀላቅሎበታል። የንብ ሰሙ ለልስላሴ ነው፣ ሙጫው አጥብቆ እንዲይዝ። ሽታው ሻማና ዕጣን አብረው የሚነዱበት ቤት ዓይነት ነው፤ ማታ ሆቴል ስገባ ፀጉሬ ላይ ነበር።

ጨርቁ እኛ አቡጀዲ የምንለው ዓይነት ነጭ ጥጥ ነው፣ ግን ድሩ በጣም የጠበቀ። ርዝመቱ 2 ሜትር ተኩል፣ ወርዱ 1 ሜትር ግድም ነው። አስቀድሞ ይታጠባል፣ ይደበደባል፣ ከዚያ በእርሳስ ይነደፍና ከቀርከሃ በተሠራ መስቀያ ላይ ይጣላል።

ከአንዲት ኢቡ አጠገብ ተቀመጥኩ። በእጃቸው የያዙት ቻንቲንግ ይባላል። ከእንጨት እጀታ ጫፍ ላይ የተተከለች ትንሽ የመዳብ ጽዋ ናት፤ ከፊቷ ቀጭን አፍንጫ አላት። ኢቡ ጽዋዋን ሰሙ ውስጥ ነከሩ። አወጡ። ሥሯን በመጥበሻው ጠርዝ ጠረጉ። ከዚያ አፍንጫዋን ወደ ከንፈራቸው አስጠግተው ፉት ብለው ተነፈሱባት፤ እንዳትደፈን ነው። ግራ እጃቸውን ከጨርቁ ሥር አስገብተው ደገፉት። መስመሩ ጀመረ።

ጨርቁን አይጫኑትም። አፍንጫዋ ለጥቂት ነካ እያደረገችው ትሄዳለች። ሰሙ ከሚገባው በላይ ከጋለ ጨርቁ ላይ ይንሰራፋል፤ መስመር መሆኑ ቀርቶ እድፍ ይሆናል። ከቀዘቀዘ ደግሞ ከላይ ይረጋል እንጂ ወደ ድሩ አይገባም፤ ቀለም ሲነከር ከሥሩ ሰርጎ ያበላሸዋል። ኢቡ ቴርሞሜትር የላቸውም። ሰሙ ከአፍንጫዋ ሲወጣ ያለውን መልክ ያዩና ምድጃውን ያስተካክላሉ። እያወሩ ነው ይህን ሁሉ የሚሠሩት። ስለ ጎረቤት ሠርግ ይመስለኛል፤ ሳቁ በዛ ያለ ነበር።

አንድ ጠብታ ያለቦታዋ ብትወድቅስ ብዬ ጠየቅኩ። ኢቡ ከምድጃው ጎን የተቀመጠች ቀጭን ብረት አነሱ። አግለው ጠብታዋ ላይ ያሳርፏታል፣ በሙቅ ውሃ ያሻሉ። አንዳንዴ ይለቃል። ካልለቀቀ እዚያ ቦታ ላይ ቅጠል ይጨመራል። "ቅጠል መቼም አይበዛም" አሉኝ።

መጀመሪያ የሚሠመረው የሥዕሉ ዋና መስመር ነው። ከዚያ በውስጡ መሙያው ይገባል፦ ነጠብጣብ፣ ጭረት፣ መረብ። ጊዜውን የሚበላው ይሄ መሙያው ነው። አንድ ቅጠል ውስጥ ያሉትን ነጥቦች ልቆጥር ሞክሬ ሃምሳዎቹ ላይ ተውኩት። ሁሉም ካለቀ በኋላ ጨርቁ ይገለበጥና ያው ሥራ ከጀርባ እንደገና ይሠራል። ቤሪንግሃርጆ ያሉት ኢቡ "ገልብጪው" ያሉኝ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። ጀርባው ሌላ ሙሉ ሥራ ነው። ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበት ሰፊ ቦታ ደግሞ በወፍራም ቻንቲንግ ወይም በብሩሽ ይደፈናል። ለዚህ የሚጠቀሙት ሰም ረከስ ያለና የጠቆረ ነው።

ምሳ ላይ ወዳንግ ኡዉህ ሰጡኝ። የኢሞጊሪ መጠጥ ነው፦ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ የቅርንፉድ ቅጠል፣ ከረሜላ መሳይ ስኳር፣ አንድ ቀይ ቀለም የሚሰጥ እንጨትም አለበት። ብርጭቆው ውስጥ ቅጠልና እንጨት ስለሚንሳፈፍ መልኩ አያምርም። ጣዕሙ ግን አንደኛ ነው፤ ሁለት ጠጣሁ።

ሴቶቹ ስለ 2006ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሳይጠየቁ ነው ያወሩት። ሜይ 27፣ ንጋት ላይ፣ ሰው ገና ሳይወጣ። ከ5,700 በላይ ሰው ሞተ፤ ክፉኛ የተጎዳውም ይህ የባንቱል አካባቢ ነበር። ከዚያ በፊት የጊሪሎዮ ሴቶች ሰሙን ብቻ ሠርተው ነጩን ጨርቅ ለከተማ ነጋዴ ያስረክቡ ነበር። ቀለሙን ነጋዴው ያስነክራል፣ ስሙንም ትርፉንም ነጋዴው ይወስዳል። ቤታቸው ከፈረሰ በኋላ ለእርዳታ የመጡ ድርጅቶች ማቅለም አስተማሯቸው፤ ሴቶቹም በማኅበር ተደራጅተው ራሳቸው መሸጥ ጀመሩ። አሁን ዳሱ ውስጥ የተሰቀለው ጨርቅ ጥግ ላይ የሠሪዋ ስም በካርድ ተንጠልጥሎ ይታያል። ነጋዴው ግን ጨርሶ አልጠፋም። ገንዘብ ሲያጥር ዛሬም ነጩን የሚሸጡ አሉ፤ ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ጨርቅ እስኪያልቅ አይጠበቅም።

ረቡዕ፣ እዚያው

ዛሬ ቀለም ነው። ቦታው ከዳሱ ጀርባ፣ የሲሚንቶ ገንዳዎች ያሉበት ግቢ ነው። እዚህ ቦት ጫማ ያደረጉ ወንዶችም አሉ።

የማዕከላዊ ጃቫ ጥንታዊ ባቲክ ሁለት ቀለም ነው የሚያውቀው፦ ሰማያዊና ቡናማ። ሰማያዊው ከኢንዲጎ ቅጠል ነው። ገንዳው ውስጥ ቅጠሉ ከኖራና ከዘንባባ ስኳር ጋር ተብላልቷል። ጨርቁ ገብቶ ሲወጣ አረንጓዴ ነው። አየር ሲያገኘው ዓይናችሁ እያየ ወደ ሰማያዊ ይዞራል። አንዴ ነክሮ መተው የለም፤ ይነከራል፣ ይንጠባጠባል፣ ይነከራል። የሚፈለገው ጥቁር ሊሆን ጥቂት የቀረው ሰማያዊ ነው።

ቡናማው ሶጋ ይባላል። ከዛፍ ቅርፊት ተቀቅሎ የሚወጣ ነው፤ አንዱ ቅርፊት ከማንግሮቭ ዛፍ ነው የሚመጣው። ከቅቅሉ በኋላ ቀለሙ የሚታሰርበት ነገር መልኩን ይወስነዋል። አልም በሚባል ጨው ከታሰረ ፈካ ይላል፣ በኖራ ከሆነ መካከለኛ፣ በብረት ጨው ከሆነ ይጠቁራል። አንድ ድስት ቅርፊት፣ ሦስት ዓይነት ቡናማ።

አሁን ወደ አስቸጋሪው። ሰማያዊው ከተነከረ በኋላ፣ ቡናማ እንዲሆን የተፈለገው ቦታ ላይ ያለው ሰም በስለት ይፋቃል። ሰማያዊ ሆኖ መቅረት ያለበት ደግሞ በሰም ይሸፈናል። ማለትም ኢቡ እንደገና በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ የቀለመውን ጨርቅ እንደ አዲስ፣ በሁለቱም ፊት ትሠራለች። ከዚያ ነው ቡናማ የሚነከረው። ሁለቱ ቀለሞች በተደራረቡበት ጥቁር ይወጣል። ሰው በእጅ የተሠራ ባቲክ ሲያይ የሥዕሉን ማማር ያደንቃል። እኔ ግን ከዛሬ በኋላ የምቆጥረው ቀለሙን ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀለም ሌላ ዙር ሰም ነው።

መጨረሻ ላይ ጨርቁ የፈላ በርሜል ውስጥ ይገባል። ውሃው ውስጥ ሶዳ ወይም ስታርች ይጨመራል። አንድ ወጣት በረጅም ዱላ እያነሳ ይደፍቀዋል። ሰሙ እየለቀቀ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ያንን ጨልፈው ያስቀምጡታል፣ ለሚቀጥለው ሥራ ይቀላቀላል። ምንም አይጣልም። ጨርቁ ወጥቶ ሲዘረጋ ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ሥራውን ትቶ መጣ። እነዚህ ሰዎች በየሳምንቱ የሚያዩት ነገር ነው፤ ግን ማንም አልቀረም። አንዷ ጎንበስ ብላ ጥጉ ላይ የሆነ ነጥብ አሳየችና ተሳሳቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለቱሪስት የሚሸጠው ባቲክ ላይ እንደተሰነጠቀ መሬት ዓይነት የቀለም ጅማት ታያላችሁ፤ ሰሙ ተሰብሮ ቀለም ሲገባበት የሚመጣ ነው። ፈረንጁ ይወደዋል፤ "የእጅ ሥራ መሆኑ ያስታውቃል" ይላል። እዚህ ግን ሰሙ ተሰንጥቆ ቀለም ያሾለከ ጨርቅ ተበላሸ ነው የሚባለው። ጥሩ ማላም አይሰነጠቅም፤ ይታጠፋል እንጂ።

ሐሙስ፣ ሶሎ

ከዮግያካርታ ወደ ሶሎ የከተማ ባቡር አለ። 8 ሺህ ሩፒያ፣ አንድ ሰዓት ከምናምን፤ ከታክሲ ግፊያ ለመጣ ሰው ቅንጦት ነው። ፑርዎሳሪ ላይ ወርጄ ወደ ላዌያን በእግሬ ሄድኩ።

ላዌያን የባቲክ ነጋዴዎች ሰፈር ነው። መንገዱ ሁለት ሰው በግድ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ ግራና ቀኙ ከቁመት በላይ የሆነ ነጭ አጥር ነው። ከአጥሩ ጀርባ ግን ትላልቅ ግቢዎች፣ ባለ ቀለም መስታወት ሳሎኖች አሉ። ሀብቱን የሚያንቀሳቅሱት ሴቶች ነበሩ፤ "ምቦክ ማሴ" ይባሉ ነበር። ሠራተኛ የሚቀጥሩት፣ ብር የሚቆጥሩት፣ ገበያ የሚወጡት እነሱ። ሐጂ ሰማንሁዲ የዚሁ ሰፈር ነጋዴ ነበሩ። የአካባቢው የባቲክ ነጋዴዎች የጥሬ ዕቃ ንግዱ ከእጃቸው ሲወጣ ያቋቋሙት ማኅበር ነው ኋላ በ1912 ሳሬካት ኢስላም የሆነው፤ በሆላንድ ቅኝ አገዛዝ ዘመን ብዙ ሕዝብ ያሰባሰበ የመጀመሪያው ንቅናቄ። ነገሩ የተጀመረው በአቡጀዲና በቀለም ዋጋ ነው።

ላዌያን ውስጥ አንድ የቻፕ ቤት ገባሁ። እዚህ ሠራተኞቹ ወንዶች ናቸው። ማኅተሙ ከቀጫጭን የመዳብ ቅጠሎች የተቀጣጠለ ነው፤ ክብደቱ እጅ ያወርዳል። ሠራተኛው ሰሙ ላይ ጣል፣ አራግፎ ጨርቁ ላይ ጠብ፤ ጣል፣ ጠብ። ሥዕሉ በልክ ይጋጠማል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የመጣ ዘዴ ነው፤ ርካሽ የፋብሪካ ጨርቅ ከአውሮፓ ሲጎርፍ መልስ ይሆን ዘንድ። ቻፕን የሚንቁ አሉ። እኔ አልንቅም። ሰሙ እውነተኛ ነው፣ ቀለሙ እውነተኛ ነው፣ መካከለኛ ገቢ ያለው ሰው ሊገዛው የሚችለውም እሱን ነው። ቻፕን "ቱሊስ ነው" ብሎ የሚሸጥ ነው ችግሩ።

ከሰዓት ወደ ሥዕሎቹ ትርጉም ገባሁ። ሶሎና ዮግያካርታ አንድ መንግሥት ነበሩ። በ1755 በጊያንቲ ውል ለሁለት ተከፈሉ፤ ጨርቃቸውም አብሮ ተከፈለ። የዮግያካርታው መደቡ ነጭ ነው። የሶሎው መደቡ ራሱ ወደ ክሬም ያደላ ቡናማ። ፓራንግ የሚባለው እንደ ማዕበል የሚጋደም ሰያፍ ሥዕል ለንጉሣውያን ብቻ የተፈቀደ ነበር። ይህ የድሮ ወሬ እንዳይመስላችሁ። በ2022 የያኔው ፕሬዚዳንት የጆኮ ዊዶዶ ትንሹ ልጅ እዚሁ ሶሎ፣ ማንግኩነጋራን ቤተ መንግሥት ሠርጉን ሲደግስ እንግዶች ፓራንግ ለብሰው እንዳይመጡ ተነግሯቸው ነበር።

ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ሲዶ ሙክቲ የሚባለውን ሥዕል ይለብሳሉ፣ ኑሮ እንዲሰምር። የሙሽሮቹ ወላጆች ትሩንቱምን። ትሩንቱም ጥቁር መደብ ላይ የተበተኑ ጥቃቅን ከዋክብት የሚመስሉ አበቦች ናቸው። ንጉሥ ፓኩቡዎኖ ሦስተኛ ንግሥታቸውን ችላ ብለው ነበር ይባላል። ንግሥቲቱ ብቻቸውን ሌሊት ሌሊት ሰማዩን እያዩ ሠሩት። ንጉሡ አንድ ቀን አይተው "ምንድን ነው የምትሠሪው?" ብለው ጠየቁ፤ ነገ ተመልሰው መጡ፣ ከነገ ወዲያም። እንዲህ እንዲህ እያለ ፍቅሩ ተመለሰ። ታሪኩን የነገሩኝ አዛውንት "ንጉሡ ጨርቁ እስኪያልቅ ጊዜ አገኙ" ብለው ሳቁ። ቱሊስ ስለነበረ ነዋ።

ዓርብ፣ መንገድ ላይ

ዓርብ የቢሮ ሰው ባቲክ የሚለብስበት ቀን ነው። አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ ወረፋ የያዘው ወንድ ግማሹ ባቲክ ሸሚዝ ለብሷል፤ እጅጌው ረጅም ከሆነ ከነጠላ ኮትና ከክራባት እኩል የክብር ልብስ ነው። ማንዴላ ያዘወትሩት የነበረው ሸሚዝ ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። በ1990 ኢንዶኔዥያ ሲመጡ ባቲክ ተሰጥቷቸው ነበር።

በአውቶቡስ ወደ ሴማራንግ፣ ከዚያ በባቡር የሰሜኑን ባሕር ዳርቻ ይዞ ወደ ምዕራብ። ሙቀቱ ሌላ ነው። ከመስኮቱ ማዶ ሩዝ፣ ሩዝ፣ የዓሣ ኩሬ፣ ደግሞ ሩዝ። ተኛሁ።

ቅዳሜ፣ ፔካሎንጋን

ሰው ሁሉ ዮግያካርታ ይሄዳል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ጊዜ የሌለው ሰው ፔካሎንጋን ይምጣ። እዚህ የንጉሥ ሥርዓት የለም። ወደብ ናት፤ ዐረቡም፣ ቻይናውም፣ ሆላንዱም አልፎባታል፣ ቀለሟም ያንን ይመስላል፦ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ የውሃ አረንጓዴ። ከቡናማው አገር ለመጣ ዓይን ሬዲዮ እንደተከፈተበት ነው።

የባቲክ ሙዚየሙ በድሮ የሆላንዶች የስኳር ፋብሪካዎች ቢሮ ውስጥ ነው። የተመረቀው በ2006 ነው። እዚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ከአውሮፓውያንና ከጃቫውያን የተወለዱ ሴቶች እንዴት ወርክሾፕ እንደከፈቱ ታያላችሁ። ኤሊዛ ቫን ዛውለን ከሁሉ ትታወቃለች። የአውሮፓ የአበባ እቅፍ በጃቫ ነጠብጣብ ሞልታ ታሠራ ነበር፤ ጨርቁ ጥግ ላይም ስሟን ታስጽፋለች። ሰሙን የሠሩት የጃቫ ሴቶች ስም ግን አንዱም ጋ የለም። ጊሪሎዮ ላይ ያየሁት ካርድ ትልቅ ነገር መሆኑ እዚህ ነው የታየኝ።

ቆሜ የቀረሁት ሆኮካይ የሚባለው የባቲክ ዓይነት ፊት ነው። ከ1942 እስከ 1945 ጃፓን ጃቫን ይዛ ነበር። ጥጥ ጠፋ። ጨርቅ ከሌለ ደግሞ ሠራተኛው ይበተናል። ወርክሾፖቹ ምን አደረጉ? ያለችውን ትንሽ ጨርቅ ባዶ ቦታ እስከማይቀር ድረስ በሥራ ሞሏት። አበባ በአበባ ላይ፣ ቢራቢሮ፣ ከመደቡ ሥር ሌላ መደብ። እንዲህ ሲሆን አንዱ ጨርቅ ብዙ ወር ይፈጃል፤ ሠራተኛውም ሥራ አይፈታም። ጨርቁን ደግሞ በሰያፍ ለሁለት ከፍለው በአንዱ ወገን ደማቅ፣ በሌላው ጨለም ያለ ሥዕል አደረጉ። "ጥዋትና ማታ" ይባላል። አጣጥፎ በመልበስ አንዱ ጨርቅ ሁለት ልብስ ይሆናል። በችግር ዘመን የተሠራ ነው፤ ከሙዚየሙ ሁሉ ሀብታም የሚመስለውም እሱ ነው።

ሌላው የዓለም ወገን ደግሞ እንዲህ ሆነ። ሆላንዶች የጃቫን ባቲክ በማሽን አስመስለው አምርተው ለጃቫ ሊሸጡ ሞከሩ። በ1846 ሆላንድ ውስጥ ሄልሞንድ ከተማ የተመሠረተው ቭሊስኮ የሚባል ኩባንያ ከነዚህ አንዱ ነው። ጃቫ ብዙም አልተቀበለውም፤ ምዕራብ አፍሪካ ግን ወደደው። ዛሬ አዲስ አበባ ልብስ ሰፊ ቤት የተንጠለጠለው ደማቅ የአፍሪካ ህትመት ጨርቅ፣ ዘሩ ሲቆጠር እዚህ ይደርሳል። ለጓደኛዬ በዋትሳፕ ጻፍኩላት። "ታዲያ እኔ ስንት ዓመት ባቲክ ስሰፋ ነው የኖርኩት?" አለችኝ።

ምሳ ናሲ ሜጎኖ በላሁ፤ ሩዝ ላይ የተከተፈ ጃክፍሩት የሚባል ለጋ ፍሬ ከኮኮናት ጋር። ርካሽ ነው፣ ያጠግባል።

ከምሳ በኋላ ያየሁት ደስ አይልም። የወንዙ ውሃ እንደ ቀኑ ነው። ጠዋት ጥቁር ሰማያዊ፣ ከሰዓት ወደ ቀይ። ዛሬ አብዛኛው ወርክሾፕ የሚጠቀመው የኬሚካል ቀለም ነው፤ ቶሎ ይሠራል፣ ይደምቃል፣ ርካሽ ነው። የታጠበው ውሃ ሳይጣራ ወደ ቦይ የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። በፌብሩዋሪ 2021 ጄንጎት የሚባል ሰፈር በጎርፍ ሲጥለቀለቅ የባቲክ ቀለም ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ መንገዱ ደም የፈሰሰበት መሰለ፤ ፎቶውን ምናልባት አይታችሁት ይሆናል። የከተማዋ መሬት ራሱ እየሰጠመ ነው፣ የባሕር ውሃ ሰሜኑን ሰፈር ይገባል። የእጅ ሥራ ሁሉ ለተፈጥሮ ተስማሚ ነው የሚለውን ወሬ እዚህ ማውራት ይከብዳል። ሰሙ በእጅ ሆኖ ቀለሙ ወንዝ የሚገድል ሊሆን ይችላል።

እሁድ፣ ፔካሎንጋን

የምገዛበት ቀን ደረሰ። ከከተማው ወጣ ያለ አንድ የቤት ወርክሾፕ ሄድኩ። ባለቤቷ ሻይና የተጠበሰ ሙዝ አቀረቡ። ከዚያ ቁም ሣጥን ከፈቱ፤ ጨርቆቹ በነጭ ተጠቅልለው ተደርድረዋል።

አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። ፈገግ አሉ፤ "ማን አስተማረሽ?" አሉኝ። ቤሪንግሃርጆ ስላሉት ኢቡ ነገርኳቸው። ሦስት ቀለም ያለው አንድ ጨርቅ ላይ ዓይኔ ቀረ፦ የውሃ አረንጓዴ መደብ፣ ሮዝ አበባ፣ ጠርዙ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ሐረግ። ጀርባውም ያው። ወደ መስኮቱ ወስጄ በብርሃን አየሁት። ሐረጉ ላይ ካሉት ወፎች አንዷ ከሌሎቹ ትንሽ ወፍራም ናት። ሠሪዋ ያን ቀን ምን በልታ ነበር?

"ስንት ነው?"

"1 ሚሊዮን 500 ሺህ።"

ልከራከር ስል እጃቸውን ጨርቁ ላይ አድርገው መቁጠር ጀመሩ። የመጀመሪያው ሰም፣ ከጀርባ እንደገና። ሮዙ። ሰም፣ ከጀርባ እንደገና። አረንጓዴው። ሰም። ሰማያዊው። መቀቀሉ። ሠሪዋ ሁለት ወር ከምናምን ፈጅቶባታል፤ ምግብ እያበሰለች፣ ልጅ እያየች። ሂሳቡን በሁለት ወር ስታካፍሉት የምትከራከሩበት ወኔ ይጠፋል። ልጆቻቸው ሙያውን ይዘው እንደሆነ ጠየቅኩ። ትልቋ ሴማራንግ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። "ደመወዟ በየወሩ ይገባል" አሉ፤ በዚህ ላይ የሚጨመር ነገር የለም።

ከፈልኩ። ቅናሽ አላደረጉም፣ ምርቃት ግን ሰጡ፦ አንድ ከረጢት ደረቅ ፍሬ። ሌራክ ይባላል። ሲዘፈዘፍ አረፋ ያወጣል፤ ባቲክ የሚታጠበው በእሱ ነው። የእኛ እንዶድ ዓይነት ነዋ! እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ የሚያጥቡበት። በስልኬ የእንዶድ ፎቶ ፈልጌ አሳየኋቸው፤ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ ጠርተው አሳዩ።

ለሚገዛ ሰው እንዲጠቅም የነገሩኝን ልጻፍ። ሌራክ ካልተገኘ ለስላሳ ሻምፖ ይሆናል፤ የልብስ ዱቄት ሳሙና ግን አይነካውም። አይታሽም፣ አይጠመዘዝም። ጥላ ሥር ነው የሚሰጣው፤ ፀሐይ ቀለሙን ትበላለች። ሲተኮስ ከላዩ ሌላ ጨርቅ ጣል ይደረግበታል። የእሳት እራት እንዳይገባው ናፍታሊን የሚያደርጉ አሉ፣ እሳቸው ግን ቁንዶ በርበሬ በስስ ጨርቅ ቋጥረው ነው የሚያስቀምጡት። በየጥቂት ወሩ አውጥቶ ማናፈስና እጥፋቱን መቀየር ያስፈልጋል፤ በአንድ መስመር ብቻ ከታጠፈ እዚያው ይሳሳል።

የጃካርታው ባቡር ማታ ነው። ጓደኛዬ ፎቶውን አይታ ልኬት ጀምራለች፤ ከዚህ ቀሚስ ይወጣል፣ የተረፈው ለኮሌታ ትላለች። መቀስ እንዳታነሺ ብዬ ጻፍኩላት። እስካሁን አልመለሰችም።